ያልተባረከው ቃጭል

ይህን የምጽፍላችሁ ለጉዞው ቦርሳዬን አስሬ፣ ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው። ብስክሌቴ መለዋወጫው፣ ፖምፓው፣ የውኃ መያዣው ሁሉ ተሟልቶለታል፤ ደወል ብቻ የለውም። የሚያውቁኝ ሰዎች ያንን እያዩ «ምነው? አንተን የሚያህል ጥንቁቅ ሰው!» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ማስረዳት አልሆነልኝም። ስለዚህ እናንተም አንብባችሁ የየራሳችሁን ፍርድ እንድትሰጡ፣ የሆነውን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስሜ ናትናኤል ነው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ አባቴ ደግሞ ፋርማሲስት ነው። በእኛ ቤት «ተጠንቀቅ» የሚለው ቃል ከ«እንደምን አደርክ» ይቀድማል። ሰው ቅር እንዳይለው ከልክ በላይ የምጨነቅ ልጅ መሆኔንም አልደብቃችሁም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሌላው ሰው ቢረግጠኝ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ጉዞውን ያሰበችው ሲስተር ሰብለ የምትባል ነርስ ናት። ከጎንደር ተነስተን፣ በደባርቅ አድርገን፣ ሰሜን ተራሮችን በብስክሌት ለቀናት ዞረን መመለስ ነበር ሐሳቧ። ወሬውን የሰማሁት ከኪሩቤል ነው። ኪሩቤል የምህንድስና ተማሪ፣ በዕድሜም በትምህርትም የሚበልጠኝ፣ ሳይቀልድ ውሎ ማደር የማይችል ልጅ ነው። ወደ ቁስቋም የሚወስደውን አቀበት ማለዳ ማለዳ አብረን ስንወጣ ከረምን። የጎማ ካላማዳሪያ ሲቀደድ መለጠፍ፣ ካቴና ሲበጠስ መቀጠል፣ ፍሬን ማስተካከል ተማርኩ። ለክብደት መለማመጃ ብዬ ቦርሳዬን አሸዋ ሞልቼ ስነዳ የሰፈር ሰው «ቤት ልትሠራ ነው ወይ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምፈልገው ሲስተር ሰብለ እንድትመርጠኝ ነበር። እሷ ደግሞ በቀላሉ የምትመርጥ ሰው አይደለችም።

«ተራራ ላይ ሁሉም ብቻውን ነው» አለችን አንድ ቀን። «አንዱ ይፈጥናል፤ አንዱ ይቀራል፤ መሀላችሁ ጉም ይገባል። ብቻውን ሲሆን የሚደናገጥ ሰው ይዤ አልሄድም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁን ብቻችሁን ፈትኜ አያለሁ። ደግሞ ከሩቅ የሚሰማ ነገር ብስክሌታችሁ ላይ ይኑር። የሰው አህያ ገጭታችሁ እንዳትመጡብኝ!»

ኪሩቤል በእጅ የሚጨመቅ፣ እንደ በግ የሚጮህ ጡሩምባ ገዛ። የእኔ ብስክሌት ደወል ግን ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ከሚያሰማው ድምፅ አይሻልም ነበር። ሌላ ፍለጋ አራዳ ወረድኩ። የብስክሌት ዕቃ የሚሸጡትን ሱቆች ሁሉ አዳረስኩ፤ አጣሁ። ስመለስ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ በር ላይ ቃጭሎች ተንጠልጥለው አየሁ። አንዷን ትንሿን ነካ አደረግኳት። ድምፅዋ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

«ለየትኛው ደብር ነው ልጄ?» አሉኝ ባለሱቁ።

«ለደብር እንኳ አይደለም አባቴ... ለመንገድ ነው» አልኳቸው እያፈርኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለመንገድ? እንግዲያማ መንገዱን ያቅናልህ» አሉና ጠቅልለው ሰጡኝ።

ለራሴ በቂ ምክንያት ሰጥቼው ነበር። ገና ከሱቅ የወጣ ነው፤ ጸሎት አልተደረሰበትም፤ ያልተባረከ ነሐስ ከድስት ክዳን በምን ይለያል? እንዲህ ስል አንድ ነገር ዘነጋሁ። ድምፁን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ይባረክ አይባረክ ሊያይ አይችልም።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ነበር። ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም፤ መንገዱም ሰላም የሆነበት ሰሞን ነበር። ሲስተር ሰብለ ብስክሌቶቻችንን ፒካፕ ላይ ጭናልን ገና ሳይነጋ ከጎንደር ወጣን። ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ከአስፓልቱ የሚገነጠል ኮረኮንች መንገድ አለ። አቀበቱን ወጥቶ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ቁልቁል ወርዶ ዳባት መዳረሻ ላይ ከአስፓልቱ ጋር እንደገና ይገናኛል። እኛ በኮረኮንቹ እንሄዳለን፤ እሷ በአስፓልቱ ዞራ መጨረሻው ላይ ትጠብቀናለች።

ኪሩቤል ቃጭሌን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀና አጎነበሰ። «አባ ናትናኤል፣ ይባርኩኝ! ቅዳሴው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

«ተወው እንጂ» አለችው ሲስተር ሰብለ፤ ግን እሷም ቃጭሉን ትንሽ አየት አደረገችው።

ኪሩቤል ቀድሞ ተለቀቀ። ጉሙ ወዲያው ዋጠው፤ እንደ በግ የሚጮኸው ጡሩምባው ብቻ ጥቂት ጊዜ ተሰማና ጠፋ። ቆየት ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አትቸኩል፤ አትቁምም። እስከ ረፋድ ካልደረስክ ራሴ ፈልጌህ እመጣለሁ። ፈልጌ ያመጣሁትን ሰው ደግሞ ይዤው አልሄድም።»

ፒካፑ ሲርቅ የቀረው ዝምታ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ጉሙ ከእጄ ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ይጀምራል። ጓንቴን ላጠልቅ ቆም ባልኩበት፣ ከፊት ለፊት፣ በጣም ከሩቅ፣ ስስ የቃጭል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ወደ ራሴ ቃጭል ተመለከትኩ፤ ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሏል። «ኪሩቤል ነው» ብዬ ተነሳሁ። ኪሩቤል ጡሩምባ እንጂ ደወል እንዳልነበረው ያስታወስኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

አቀበቱ ጭቃ ነበር። ከጭነቱ ጋር መንዳት ስላቃተኝ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ድንጋዩ ብስክሌቱን ሲያንገጫግጨው ቃጭሉ ራሱን ያቃጭላል፤ መንገዱ ሲለሰልስ ደግሞ በክር ስቤ እኔ አቃጭለዋለሁ። ድምፁ ሸጋ ነው፤ ብቸኝነቴንም ያባርርልኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ በስተቀኝ ሰው አየሁ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ቆሟል። «እንደምን አደሩ?» አልኩት። አልመለሰልኝም። በዚያ አገር ሰላምታ የማይመልስ ሰው የለም። አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ በስተግራ ሁለት ሴቶች ከጉሙ ወጡ፤ ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክከዋል። «እንደምን አደራችሁ?» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ቀና ያለ የለም። አንዷ ግንባሯ ሣሩን ነክቷል። ስዞር ጉሙ መልሶ ሸፍኗቸዋል።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው እንዴት ወዲያው አልገባኝም እላለሁ። ቃጭል ሲሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። ፍርሃት ግን የሚያውቁትንም ያስረሳል። የሞቱ ሰዎች መሀል የምሄድ መሰለኝ። ድምፅ እንዳይጠፋ ብዬም ይባስ ደጋግሜ አቃጨልኩ።

ከአንድ ወንዝ የሚወጣ የእግር መንገድ ከኮረኮንቹ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ አልፌ ብዙ ሳልሄድ፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

የአንድ ሰው አልነበረም። ብዙ እግር፣ እኩል የሚራመድ፣ ጭቃውን ቀስ ብሎ የሚረግጥ ነበር። ቆምኩ። ኮቴው ቆመ። ገፋሁ። ኮቴውም ተነሳ። ፈጠን ስል ፈጠን፣ ዘገም ስል ዘገም ይላል። አይቀርበኝም፤ አይርቀኝምም።

«ማነው?» አልኩ።

ዝም።

«ማነህ? ሰው ነህ?»

ዝም። ቃጭሉን ሳላስበው በክንዴ ነካሁትና ሲያቃጭል፣ ከጉሙ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲውጥ የመሰለ ነገር ሰማሁ።

እንዴት ጫፍ ላይ እንደደረስኩ አላውቅም። እዚያ መንገዱ ዳር ያለ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ብስክሌቴን አስደግፌ፣ ቃጭሉን በሁለት እጄ አፍኜ ቁጭ አልኩ። ቢያልፉኝ ይለፉ ብዬ ነበር። አላለፉኝም። እዚያው ከኋላ፣ ከማይታይ ቦታ፣ ቆመው ጠበቁኝ። ጉሙ ከዛፉ ቅጠል ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሲስተር ሰብለ ረፋድ ያለችው ጊዜ እያለፈ እንደሆነ ተሰማኝ፤ ግን መነሳት አቃተኝ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አልነግራችሁም፤ እኔም ስለማላውቀው ነው።

ከዚያ ሰው አቃሰተ። የሴት ድምፅ ነው፤ ረጅም፣ ጥርስ ተነክሶበት የወጣ።

ቀጥሎ ሹክሹክታ መጣ። «ምነው ቆመ?»

«ዝም በይ! አይነጋገሩበትም።»

«ልጄ እኮ እያለቀችብኝ ነው!»

ከፊቴ ቁልቁለት ነበር። ብስክሌቴ ላይ ብወጣ ማንም አይደርስብኝም፤ ለፈተናውም ምናልባት እደርስ ነበር። እውነቱን ለመናገር እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ነበር። ነገር ግን መንፈስ «ልጄ» አይልም። ብስክሌቱን አዞርኩና ወደ ኮቴው ተመለስኩ።

ጉሙ ገለጥ ሲል ያየሁት እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ወንዶች ናቸው፤ ጭቃ ላይ ተደፍተው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው፣ ወደ እኔ ይሰግዳሉ። መሀላቸው ቃሬዛ ተቀምጧል። ቃሬዛው ላይ፣ በጠል የራሰ ጋቢ ስር፣ አንዲት ወጣት ሴት አለች፤ ሆዷ እስከ ደረቷ። አንዲት እናት ራስጌዋ ላይ ተንበርክከዋል። በምጥ ላይ ያለች ሴት ይዘው፣ እኔ ስቆም ቆመው፣ እኔ ዛፍ ሥር ስንቀጠቀጥ እነሱ እዚህ ይሰግዱ ነበር።

ድምፄ ሲወጣ የሕፃን ይመስል ነበር። «ይቅርታ አድርጉልኝ... ተነሱ እባካችሁ። ብስክሌት ነው። የብስክሌት ደወል ነው።»

መጀመሪያ ቀና ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። አያ ታከለ እንደሚባሉና የወላዷ አማት እንደሆኑ ኋላ አወቅኩ። እኔን አዩ፣ ብስክሌቱን አዩ፣ ቃጭሉን አዩ።

«ቄስ የለም?» አሉኝ።

«የለም አባቴ።»

«ሥጋ ወደሙ ለሚያጣጥር ሰው የሚያወርዱ መስሎን እኮ ነው። እሱ ሲያልፍ አይቀደምም፤ አይነጋገሩበትምም።»

ከቃሬዛው እግርጌ አንድ ወጣት ዘለለና ዱላውን አነሳ። ደረሰ የሚባል ነው፤ የወላዷ ባል። «ብስክሌት?! እኛ ለብስክሌት ነው የቆምን? የሺ እንዲህ ሆና እኛ ለብስክሌት?»

አልሸሸሁም። ቢመታኝ ደግ ነው ብዬ ቆምኩ።

«ተው ደረሰ!» አሉ አያ ታከለ። «ይሄን ልጅ ብትፈነክተው የሺ ትወልድልሃለች? ዱላህን ጣልና ቃሬዛውን ያዝ።»

ያኔ ነው አፌ የተፈታው። «ታች አስፓልቱ ላይ መኪና ይጠብቀኛል። ነርስ አለችበት። ቁልቁል ነው፤ በብስክሌት ቶሎ ደርሼ ይዣት እመጣለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ትለፈልፋለህ? ብረር!»

ቃጭሉን ከመሪው ላይ ልፈታ እጄን ስሰድ አያ ታከለ ያዙኝ።

«ምነው?»

«ሰው እንዳላሳስት ነው አያ። አልተባረከም። ከሱቅ የገዛሁት ነው።»

«ዛሬ ገበያ ነው። ቁልቁለቱን ሰዉና አህያው ሞልቶታል። በጉም፣ በዚህ ጭነት ስትወርድ ማን ዘወር ይልልሃል? ደውለው።»

«ግን እኮ አያ...»

«ለነፍስ ነው ልጄ። እግዜር የነሐሱን ዘር አይጠይቅም። ደውለው!»

ወረድኩ። እንደዚያ ወርጄ አላውቅም፤ ወደፊትም አልወርድም። ክሩን እየሳብኩ፣ ፍሬኑን እየለቀቅኩ ወረድኩ። ቃጭሉ ከፊቴ ይሮጣል፣ ጉሙም ከፊቴ ይከፈታል። በግራና በቀኝ ሰዎች ነበሩ። አህዮቻቸውን ወደ ዳር ገፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያሳልፉኛል። አንድ አባት በሁለት ክራንች መሀል ሆነው ለመንበርከክ ሲታገሉ አየሁ። «አይንበርከኩ! እኔ ነኝ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን ብጮህ ቀና ይላሉ፤ ቀና ካሉ መንገዱ ይዘጋል። አፌን ዘጋሁ። እያለቀስኩ አቃጨልኩ።

አስፓልቱ ዳር ኪሩቤል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አባ ናትናኤል ደረሱ! እልል በሉ...» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ አቋረጠው።

ሲስተር ሰብለ ልትፈልገኝ መኪናው ውስጥ ገብታ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሞተሩን አስነሳች። «ግባ። መንገድ አሳየኝ። ኪሩቤል፣ ጭነቱን አውርድ!»

ጫፉ አጠገብ አገኘናቸው። የሺን ፒካፑ ላይ አስተኛናት። ሲስተር ሰብለ መሪውን ለኪሩቤል ሰጥታ ከኋላ ወጣች፤ እኔ ጋቢውን በነፋሱ እንዳይገለጥ ይዤ ተቀመጥኩ። የሺ ዓይኗን ስትገልጥ አንዴ ወደ እኔ አየች። «የት ሄደ?» አለች። ምኑን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲስተር ሰብለ ወጣችና ከአጠገቤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት» አለችኝ። ቀጥላም እንደዋዛ፣ «ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምነግርህ» አለች። ስለ ኮሶው ዛፍ አልነገርኳትም ነበር። ያን ጊዜ ነገርኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። «እንግዲህ ረፋዱ አልፎብሃል» አለች በመጨረሻ። «ፈተናውን ወድቀሃል።» ራሴን ነቀነቅኩ። «ደግሞም ተመልሰሃል። ጎማህን ቀይር፤ የኋላው አልቋል። ለተራራ አይሆንም።»

መመረጤን የነገረችኝ በዚህ መንገድ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ተሳስቼ ነበር፤ ተማርኩበት» ብዬ እሰናበታችሁ ነበር። ግን አላበቃም።

ከጊዜ በኋላ ቃጭሉን ይዤ ወደ አያ ታከለ አገር ሄድኩ። የደብራቸው ቃጭል ከተሰነጠቀ እንደቆየና በእሱ ፈንታ እንጨት እየመቱ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ወንዙን ተሻግሬ ቤታቸው ገባሁ። ደረሰ እጄን ጨበጠኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። የሺ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቃጭሉን ከጠቀለልኩበት ስፈታው ሳላስበው አቃጨለ። የሺ ሰማችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ አይደለም» አለች።

«ይኸው ነው እኮ» አልኳት። «ብስክሌቴ ላይ የነበረው ይኼ ነው።»

«የኋላው ይኼ ይሆናል። የመጀመሪያው ግን አይደለም። የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ ከደጄ ሲያነሱኝ ነው የጀመረው። ወንዙን ስንሻገር ፊት ፊታችን ነበር። ድምፁ ወፈር ይላል።»

ዶሮ ሲጮህ እኔ ጎንደር ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ነበርኩ።

ወደ አያ ታከለ ዞርኩ። «እርስዎም ሰምተዋል አያ?»

«ሰምተናል እንጂ» አሉ፣ ሌላ ነገር እንደሚናገሩ ሁሉ ረጋ ብለው። «ሳንሰማ ማንን ተከተልን?»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? ተከተልነው እንጂ አልቀደምነው።»

ለሁሉም ነገር ምክንያት መፈለግ የለመድኩ ተማሪ ነኝ። ነፋስ ድምፅ ይወስዳል። ገደል ያስተጋባል። በምጥ የተያዘች ሴት ያልተሰማ ትሰማለች። እነዚህን ሁሉ አስቤያለሁ። ነገር ግን ገና የቃጭሌን ክር ሳልስብ፣ ፒካፑ እንደሄደ፣ ከጉሙ ውስጥ የመጣውን ድምፅ እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ እኔ ደግሞ አላማጥኩም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁና ላብቃ። ድሮ ጥንቃቄ ማለት ለራሴ መጠንቀቅ ይመስለኝ ነበር፤ ፍሬኔን፣ ጎማዬን፣ ስንቄን። አሁን የማደርገው ነገር ሁሉ ከኋላዬ በጉም ውስጥ ለሚሰማው ሰው ምን እንደሚመስል አስባለሁ። እናንተም ፈርታችሁ ከቆማችሁ፣ እናንተ በመቆማችሁ ማን እንደቆመ ዞር ብላችሁ እዩ።

ቃጭሉ ተባርኮ ደብሩ ገብቷል። ብስክሌቴ ላይ የሰቀልኩት ምንም የለም፤ ሰው ሳይ በአፌ «መንገድ!» እላለሁ። የጉዟችን የመጀመሪያ ቀን በዚያው ኮረኮንች ያልፋል፤ ሲስተር ሰብለ ሆን ብላ ነው ያስገባችው መሰለኝ። አቀበቱ ላይ ስደርስ ከብስክሌቴ ወርጄ እገፋለሁ። ጉም ከሆነም ጆሮዬን አቀናለሁ። ከፊቴ የሚሄድ ካለ፣ አልቀድመውም።